ከእትዬ አንጓች ምድጃ ያነሳሁት ድስት

ይህ የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ባጃጅ ገና ፍኖተ ሰላም ሳይገባ፣ የጋሪ ፈረስ የዋናው መንገድ ጌታ በነበረበት ዘመን። እኔ ማጋነን የምወድ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ ከማወራው ግማሹን ቀንሰው፣ ከቀሪው ላይም አስራት አውጥተው ነው የሚያምኑኝ። ይህን ግን እንዳለ ተቀበሉኝ። አንድ ሰው በእኔ ቤት፣ በእኔ ገበታ፣ ከእኔ እጅ ጎርሶ ሊሞትብኝ ነበር።

ያኔ ባለቤቴ ቡሬ ታስተምር ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሚስት ያለኝ ወንደላጤ ነኝ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ያኔ ግምገማ ነው። ጢሙን ተላጭቶ የገባ ሰው ባሕታዊ መስሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቤት ገብቶ ሽንኩርት የሚልጥ ጉልበት ማን አለው?

ያኖሩን እትዬ አንጓች ናቸው። ከተከራየሁበት ግቢ አጥር ለአጥር የሚኖሩ አረቄ አውጪ ነበሩ። የአረቄ እሳት ጠባየኛ ነው፤ ከበረታ ድፍድፉ ያራል፣ ከደከመ አረቄው አይወርድም። ስለዚህ እንደ ታማሚ እየተጠበቀ ከማለዳ እስከ ማታ ቀስ ብሎ ሲነድ ይውላል። እኛ የሰፈሩ ወንደላጤ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ድስታችንን ወስደን ከዚያ ረመጥ ዳር እናስቀምጣለን። አደንጓሬው፣ ባቄላው፣ የፍስክ ቀን ከሆነም የበግ አጥንቱ ቀኑን ሙሉ ያለ ችኮላ ሲንተከተክ ይውላል። ማታ ሽንኩርትና በርበሬ አቁላልቶ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ያ ምድጃ ወፍጮ ድንጋይ ቢሰጡት በማንኪያ የሚቆረስ አድርጎ ይመልስ ነበር። ለእሳቱ ዋጋ አይጠይቁንም፤ አልፎ አልፎ እንጨት ይዘን እንሄዳለን።

አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። ድስት ከምድጃው የሚያነሱት ራሳቸው ናቸው። ጥላሸት የጠጣ ድስት ሁሉ ወንድማማች ይመስላል፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚለዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ክረምት። ጠዋት አደንጓሬዬን አስቀምጬ ወደ ግምገማ ሄድኩ። አለቃችን አቶ ካሳዬ ከወሎ የመጣ ሰው ነው። በዕድሜ እኩያዬ፣ በሥልጣን ግን አባቴ። ያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ። «ይህ ሰው መጋዘኑን የተረት ቤት አድርጎታል! ቆርቆሮ ሲጠየቅ ቀልድ ያወጣል!» እያለ በሰው ፊት ገፈፈኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሹፌራችን ዘውዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለዚህስ መድኃኒቱ እራት ጋብዞ መሸኘት ነው» አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ያውም ጮክ ብዬ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ አመሻሽቷል፤ ዝናብ ይወርዳል፤ መብራት ጠፍቷል። አቶ ካሳዬ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«በል እውነቱን ተናገር።»

«እውነቴን ነው። ካላመኑኝ ቤቴ ይግቡና አብረን እንብላ።»

ይህ አባባል ሰው ያስራል። አልተቀየምኩም ያለ ሰው ማብላት አለበት፤ ተቀየምከኝ ወይ ብሎ የጠየቀም እምቢ ማለት አይችልም። ሁለታችንም ሳንወድ ጃንጥላ ተጋርተን ሄድን።

እሱን ቤቴ አስቀምጬ ሻማ አበራሁለትና ወደ እትዬ አንጓች ሮጥኩ። እሳቸው የሉም። ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ሄደዋል አሉኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከረመጡ ዳር ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ጨለማ ነው። የቀኙን ከፈት አድርጌ በጣቴ ነካሁት፤ ፍሬ ነው፣ በስሏል። እንግዳዬ ጾሙን ውሎ ይጠብቀኛል። አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ቁሌቱን ሠራሁ። በርበሬውን ለይቅርታ ስል እጥፍ አደረግሁት። ፍሬውን ከነውኃው ገለበጥኩበት። በሻማ ብርሃን ቀይ ሆኖ አማረ።

የመጀመሪያውን ስጎርስ መረረኝ። አብሽ አብዝቼ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቀና ስል አቶ ካሳዬ እያላመጠ ፈገግ አለልኝ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ግሩም ነው! ምን ጨምረህበት ነው?»

«አብሽ ትንሽ በዛ መሰለኝ።»

«ኧረ እንዲያውም ተስማምቶታል!»

እሱ ከወደደውማ ብዬ ወደሱ ገፋሁለት። እኔ ከዳር ዳር እንጀራውን እየነካካሁ፣ እሱን በደንብ አድርጌ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩት። እሱም ላቡን እየጠረገ ዋጠው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሻማ ብርሃን እየተሳሳቅን ትሪውን አጋመስነው።

ከዚያ ጨዋታ ጀመርን። ጨዋታው መሀል አቶ ካሳዬ ውኃ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ደግሞ ጠየቀኝ። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ቃላቱ እየተሰባበሩ መጡ።

«ሻማውን ሁለት አደረግከው?» አለኝ።

«አንድ ነው።»

«ሁለት ነው እንጂ።» እጁን ዘርግቶ ሻማ የሌለበትን አየር ዳሰሰ።

ጠጋ ብዬ ፊቱን አየሁት። የዓይኑ ጥቁሩ ተለጥጦ ነጩን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ያን ዓይን ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። በዚያ ዓይን ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሮ፣ እኔን ሳያየኝ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ወንድሜ፣ ምን አበላኸኝ?»

የእኔም አፍ መድረቁን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ወደ እትዬ አንጓች ቤት ስሮጥ ከለቅሶ ተመልሰው፣ ኩራዝ ይዘው የቀረውን ድስት ከፍተው ቆመዋል።

«ይኸ ያንተ አደንጓሬ አይደለም እንዴ? የኔ ግብጦ ወዴት ሄደ?»

«ምን ግብጦ?»

«ቀቅዬ ነገ ላህ ወንዝ ልዘፈዝፈው ያልኩት ነዋ!» ኩራዙን ወደ ፊቴ አስጠጉት። «አንተ! በላኸው እንዳትለኝ!»

«እንግዳዬ በላው።»

«ወይኔ አንጓች! ወንዝ ያላደረ ግብጦ! እሱ እኮ በሬ ይጥላል!»

ግብጦን አውቀዋለሁ፤ ከአረቄ ጋር እንደ ቆሎ ሲቆረጠም አይቼዋለሁ። ከመንዝ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ግን ሳይዘፈዘፍ መርዝ መሆኑን፣ ስንትና ስንት ቀን ወንዝ ውስጥ ከርሞ መራራው ካልወጣ እንደማይበላ የነገረኝ አልነበረም። አለቃዬም ከእኔ አይሻልም።

ተያይዘን ስንመለስ አቶ ካሳዬ ተነስቶ እየተደናበረ ግቢው መሀል ወድቋል። ሰፈሩ ኩራዝና ባትሪ ይዞ ወጥቷል። አረቄ ሊቀምስ የመጣው ዘውዱም አለ። በጆሮዬ ያንሾካሾከልኝን ቀልድ ረስቶ ፊቱ አመድ መስሏል። ከኋላው አንዱ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ጮኸ።

«ጠዋት ገመገመው፣ ማታ አበላው! ሲስቅበት አላያችሁም?»

በአገራችን «አበላው» የሚለው ቃል አንዴ ከወጣ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች ወደ በሩ ዞር አሉና መውጫውን ዘጉት።

«ንጹሕ ከሆነ ይቅመሰው!» አለ አንዱ።

ቤት ገብቼ ከትሪው በሙሉ እጄ አፈስኩ። እውነቴን ነው፣ ልውጠው ነበር። ሞት ከዚያ ቃል የሚሻል መስሎኝ ነበር። ወደ አፌ ሳደርሰው እትዬ አንጓች እጄን በጥፊ መቱት፤ ወጡ ግድግዳው ላይ ተረጨ።

«አንድ ሬሳ አይበቃችሁም?» ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ድስቱ የኔ ነው! ግብጦው የኔ ነው! ሰው እየሞተ ትፋረዳላችሁ? ጋሪ ጥሩ!»

ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የተናገሩት። ባል የሞተባቸው፣ በአረቄ የሚተዳደሩ ሴት፤ ሰውየው ቢሞት ነገ ቤታቸው እንደሚዘጋ፣ እሳቸውም እንደሚታሰሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ድስቱን ከነትራፊው በነጠላቸው ጠቅልለው ጋሪው ላይ ወጡ። ዘውዱና እኔ አቶ ካሳዬን ደግፈን ተሳፈርን። ያ ፈረስ ያን ቀን መሬት የነካ አይመስለኝም። ሆኖም ሆስፒታሉ ወደ ፊት ወደ ፊት የሚሸሸን መሰለኝ። አቶ ካሳዬ ደረቱ ላይ እጁን ጭኖ «ልቤ ሊወጣ ነው» ይላል፤ ከዚያ ይቀባዥርና የሞተች እናቱን ይጠራል።

ሐኪሙ ገና ሳያስተኛው «ምን በልቶ ነው?» አለ። እትዬ አንጓች ነጠላቸውን ፈቱ። «ሳይዘፈዘፍ የተበላ ግብጦ ነው፣ ጌታዬ። ውኃውንም ጠጥቶታል።» ሐኪሙ የዚያው አገር ልጅ ነበር፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ሆዱን አጠቡለት፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት። እኔን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ አንድ ፖሊስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሐሜቱን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ከጋሪው ቀድሞ ደርሷል።

ነጋ። አቶ ካሳዬ ዓይኑ ገና ደብዛዛ ቢሆንም ራሱን አወቀ። ፖሊሱ እኔንም እትዬ አንጓችንም ይዞ ገባና ጠየቀው።

«ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው ያበላዎት?»

አቶ ካሳዬ አንገቱን አዙሮ በደብዛዛ ዓይኑ እኔን ፈለገ። እስኪያገኘኝ እኔ ታስሬ፣ ተፈርዶብኝ፣ ሽበቴን አውጥቼ ጨረስኩ።

«አላበላኝም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የበላሁት። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ መርሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተዉትም?»

«ጠዋት በሰው ፊት አዋርጄው፣ ማታ ደግሞ ወጥህ መረረኝ እንዴት ልበለው?»

ፖሊሱ ሊስቅ ቃጣና ተወው። እትዬ አንጓች ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ፣ እኔስ ለምን እንዳልተናገርኩ አሰብኩ። መልሱ ያው ነበር፤ እሱ ግሩም ነው ስላለኝ።

አቶ ካሳዬ ድኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። ኋላም ተዛውሮ ሄደ። ወዳጅ አልሆንንም፤ ጠላትም አልሆንንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ሰላም እንባባል ነበር። እትዬ አንጓች ዛሬ በሕይወት የሉም። ስማቸው በተጠራ ቁጥር ማንም ሳይጠይቃቸው «ድስቱ የኔ ነው!» ያሉበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ያስቃል፤ እኔም አሳምሬ ነው የማወራው። ቤቴ እንግዳ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በዚህ ታፍርብኛለች። ሰው ሲጎርስ አፉን እያየሁ «መረረህ እንዴ? እውነቱን ተናገር» እያልኩ እጨቀጭቃለሁ። «ኧረ ግሩም ነው!» ያለኝ እንደሆነ አላምነውም። ጨዋታ ለማምጣት መስዬ ጠጋ እልና ዓይኑን አያለሁ።