የእሌኒ ጣውንት

የሮም የነሐስ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ከጽዳት ሥራ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ በንግሥት እሌኒ ምክንያት ነው። መስቀሉን አስቆፍራ ያወጣችው፣ የቆስጠንጢኖስ እናት፣ መልኳ በሳንቲም ላይ አለ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር።

እሌኒን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ባሏ ወደ ዙፋኑ ሲቃረብ የንጉሡን የእንጀራ ልጅ ቴዎዶራን አግብቶ እሷን ከነልጇ ተዋት። የእኔም ባል እኔንና ልጃችንን ካርቱም ትቶ ሆላንድ ገባና ቭላርዲንገን ውስጥ ሌላ አገባ። «ለወረቀት ነው» አለኝ በስልክ። እኔ ስደርስ ወረቀቱ ሁለት ልጅ ወልዶ ነበር።

ዴን ሃግ የሳንቲም ገበያ ሄጄ ከተደባለቀው ሣጥን ውስጥ ጥፍር የምታክል አንዲት ሳንቲም አገኘሁ። በአንድ በኩል ጸጉሯን የተሠራች ሴት፣ በጀርባው ልጅ የታቀፈች እናት። እሌኒ ቆስጠንጢኖስን ታቅፋ! እዚያው ሰው ፊት ተሳለምኳት፤ ግንባሬንም አስነካኋት።

ካፔለ ከተማ ወዳለው ቤቴ ስመለስ የልጅ ልጄ ፊደሎቹን በስልኳ አጉልታ አነበበች።

«ኦማ፣ ይቺ እኮ እሌኒ አይደለችም። ቴዎዶራ ነው የሚለው።»

«በደንብ አንብቢ።»

«አነበብኩ። የሌላዋን ሴትዮ ነው የሳምሽው!» በሳቅ ፈረሰች።

«ጣውንት ነው የሚባለው።»

«ጣውንት ምንድን ነው?»

«አያትሽን ጠይቂው እንዳልልሽ ሞቷል።»

በሚቀጥለው ገበያ ሳንቲሟን ሻጩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት። ሽማግሌው አላታለለኝም፤ የመረጥኩት እኔው ነኝ።

«ቀይርልኝ። እሌኒን ስጠኝ።»

«ይቀየራል ወይዘሮ። ግን የእርስዎዋ እንደ እሌኒ በቀላሉ አትገኝም፤ ይጎዳሉ።»

«ደግሞ ብላ ብላ እሷ ትወደድ?»

ሳቀ። «ምን ታድርግ? የዳራት እንጀራ አባቷ ነው። ማን ጠየቃት?»

ባሌ የተቀበረ ቀን ሰው ሁሉ ተሰልፎ ያችን ሴት «እግዜር ያጽናሽ» ሲል እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። አንድም ሰው ወደ እኔ አልመጣም። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እመኛታለሁ። ግን ለእሷስ ካርቱም ውስጥ ሚስት እንዳለችው ማን ነግሯት ነበር? እሱ አልነገራትም። አውቀዋለሁ፤ አይነግራትም።

«ሁለቱንም እወስዳለሁ» አልኩት። እሌኒን ደረት ኪሴ፣ ቴዎዶራን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አንድ ላይ ማድረጉን ግን አልቻልኩም። ፍርድ እወዳለሁ እንጂ ጻድቅ አይደለሁም።

«ባልየውስ?» አለ ሻጩ፣ አንድ ወፍራም ነሐስ እያቀበለኝ። ጺማም ነው፤ አፍንጫው ቆልመም ያለ። የእኔው ባል ጺም አልነበረውም፤ አፍንጫውም ሰልካካ ነበር። ቢሆንም ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። መዳፌ ውስጥ እስኪሞቅ ያዝኩት።

«ልጠቅልልዎት?»

«አይ፣ እሱን አልወስድም» አልኩት። «ትንሽ ግን ልየው።»