አንድ ባል፣ አንድ ረድፍ

«ለኢድ የበላኸው የማን ቤት ነው ታዲያ?» አለችው አብራን የምትሠራው ልጅ።

«አቦ፣ ይሄን አሁን ምን አመጣው?» አለ የግሩፓችን መሪ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«መልስልኝ። የማን ቤት ነው?»

«የእናትሽ።»

«እሺ። የእናቴን ቤት እዚህ ውስጥ አሳየኝ።»

ሊያሳያት አይችልም። በሠራነው ዳታቤዝ ውስጥ የእናቷ ቤት የሚገባበት ቦታ የለም። ሦስታችን አንድ ኮምፒውተር ከበን ተቀምጠናል፤ ኪቦርዱ እኔ ጋ ነው። ማራገቢያው የክፍሉን ሙቀት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። ሌሎቹ ግሩፖች ጠዋት አቅርበው ጨርሰዋል። የቀረነው እኛ ነን፤ መምህሩ አይቶ ሊያርመን ከአሁን አሁን ይገባል።

ፕሮጀክቱ ለሰፈር የሸማቾች ሱቅ ስኳርና ዘይት ማከፋፈያ የሚሆን ዳታቤዝ መሥራት ነበር። ሐሳቡ የእሷ ነው። ሌላው ሁሉ የሆቴልና የቤተ መጻሕፍት ሲሠራ፣ ያውም ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ተቀብሎ ስም ብቻ ሲቀይር፣ እሷ «የሚጠቅም ነገር እንሥራ» አለች። ምክንያቷንም አልደበቀችንም። አባቷ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ካለችው ቢዮ አዋሌ ፍየል እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው፤ ሁለት ሚስት አለው። የታላቋ ሚስት ቤትና የእናቷ ቤት ቢራራቁ ሁለት መንደር ነው፤ ቀበሌያቸው አንድ ነው። እናቷ ለስኳር ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ፣ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ የባሏን ስም ያይና «ይሄ ቤት ወስዷል» ይላታል። የወሰደው ሌላኛው ቤት ነው። እሷ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለሳለች። ረመዳን ላይም እንደዚያው ሆነ። የሱቁ ኃላፊ ግን ደግ ሰው ነው፤ «የተሻለ ሠርታችሁ አምጡልኝ፣ እጠቀምበታለሁ» ብሏታል። ስለዚህ ለእሷ ነገሩ ከማርክ በላይ ነበር።

ከዚያ እሷ ለቅሶ ኖሮባት የቀረችበት ሳምንት መጣ። የግሩፑ መሪ ዲያግራሙን ብቻውን ስሎ መምህሩን አስፈረመ። በዳታቤዝ ቋንቋ ቁልፍ የሚባለው አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው ነገር ነው፤ ሁለት ረድፎች አንድ ቁልፍ ሊይዙ አይችሉም። እሱ ቁልፉን የአባወራው መታወቂያ ቁጥር አደረገው። አንድ ባል፣ አንድ ረድፍ። እሷ ስትመለስ አየችውና የቤት ቁጥሩ ቁልፍ ይሁን አለች። እሱ ተፈርሟል አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እሷ ቤቱ ትላለች፣ እሱ ፊርማው ይላል።

«እኔ አንቺን የምጠላ ይመስልሻል?» አላት አሁን። «የተፈረመውን ከቀየርን ሰውየው ነጥብ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ኤ ካላመጣሁ ቤት የሚጠብቀኝን አታውቂም።»

ያደገው ከዚራ ሰፈር ነው፣ አያቱ ምድር ባቡር ሲሠራ ባገኘው ቤት። እዚያ ቤት ቢ ማምጣት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ቀልድ አይደለም፣ አባቱን አውቀዋለሁ።

«እሺ ያንተ አባት ስንት ቤት አለው?» አለችው።

«አንድ።»

«ለዛ ነዋ።»

«ኧረ አቦ፣ የአባትሽን ሁለት ሚስት ዩኒቨርሲቲው ላይ አትጫኚ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? ተናገር።»

እኔ እዚህ ትምህርት ውስጥ የገባሁት ምደባ ጥሎኝ ነው። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። የዳታቤዝን ኮርስ ልጠላው ተዘጋጅቼ ገብቼ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር ያዘኝ። አንድ እውነት አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ ይላል ሕጉ። ሁለት ቦታ ከጻፍከው አንዱን ታርምና ሌላው ውሸት ሆኖ ይቀመጣል። ይሄን እኔ ብዬው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሴሚስተሩን ሙሉ ስንሠራ የከረምነው የማናውቀውን ኩባንያ ሠራተኞች በማናውቃቸው መምሪያዎች መደልደል ነው። ኩባንያው የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሸጥ አንድም ቀን አልተነገረንም። መምህሩ ስላይዱን ያነባል፤ እኛ በስልክ ፎቶ እናነሣለን፤ ለፈተና እንሸመድዳለን፤ ከፈተና በኋላ ፎቶውን እናጠፋለን። ከግቢው በር ውጭ ግን ከተማው በሙሉ ማን ምን እንደወሰደ፣ የማን ተራ እንደሆነ ሲከራከር ይውላል። የሚያበግነኝ ይሄ ነበር። መሣሪያው እጃችን ላይ አለ፤ የምናርሰው ግን አየር ነው።

«ልክ ናት» አልኩት። «የሚከፋፈለው ለቤት ነው እንጂ ለባል አይደለም።»

«ገጣሚው ተናገረ» አለ። «ያንተን ግጥም ማን ያርመዋል? ማንም። ይሄን ግን የሚያርም ሰው አለ።»

ሰውየው ገባ። መምህራችን ወጣት ነው፤ ከደጋ መጥቶ ሙቀቱን ገና አልለመደውም፤ መሐረቡን ከእጁ አይለይም። መሪያችን ተነሥቶ አስረዳው፣ በደንብ አስረዳ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። መምህሩ የተፈረመውን ዲያግራም ከስክሪኑ ጋር እያስተያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ አንድ ነገር ላስገባ» አለች እሷ።

ወንበሬን ለቀቅኩላት። የአባቷን መታወቂያ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። መጀመሪያ የታላቋን ሚስት ቤት አስገባች፤ ተቀበለ። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ደግማ የእናቷን ስምና የቤት ቁጥር ጻፈችና ተጫነችው። ቀይ መስመር መጣ። ይህ ቁልፍ አስቀድሞ አለ ይላል።

መምህሩ ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ። አያችሁ? ድግግሞሽ ከለከለ። ሌሎቹ ይሄን አልሞከሩትም።»

«ድግግሞሽ አይደለችም» አለች። «እናቴ ናት።»

መምህሩ መሐረቡን አንገቱ ላይ አደረገ።

«ይገባኛል። ግን ይሄ ልዩ ሁኔታ ነው። ዲዛይን የሚሠራው ለአብዛኛው ነው።»

«ለእኛ ሰፈር ልዩ አይደለም። አንተ ሰፈራችንን አታውቀውም።»

ድሬ ላይ «አንተ» ስድብ አይደለም፤ አያትንም ሹፌርንም የምንጠራው በዚያው ነው። እሱ ግን ሁለት ዓመት እዚህ ኖሮም ቃሏ ሲነካው አየሁ። ፊቱ ጠበቀ።

«መምህር» አልኩኝ ቶሎ ብዬ፣ «ቁልፉን የቤት ቁጥር ብናደርገው ያልቃል። አሁን እዚሁ እቀይረዋለሁ።»

«መቀየር ትችላለህ። የማርመው ግን ከተፈረመው ጋር እያስተያየሁ ነው። ካልገጠመ ነጥቡ ይሄዳል፤ የሦስታችሁም።» ወደ መሪያችን ዞረ። «ምን ይሁን?»

መሪያችን እሷን አላያትም። እኔንም አላየኝም። ጠረጴዛው ላይ ባለች አንዲት የቀለም ነጠብጣብ ላይ ጣቱን ያሻሽ ነበር።

«እንዳለ ይያዝልን» አለ።

አፌን ከፍቼ ነበር። የምለው ሁሉ ግን ቀደም ብዬ ያልኩት ነው፤ ደግሜ ብለውም የሚሰማኝ የለም። እሷ ስክሪኑን ታያለች። መምህሩ ወረቀቱ ላይ ነጥቡን ሞላ፤ ከአጻጻፉ ጥሩ ነጥብ እንደሆነ ያስታውቃል። ተግባብተን የጨረስን ስለመሰለው መሰለኝ፣ ሊያጽናናት ፈለገ።

«ሥራው ቆንጆ ነው» አላት። «እዚህ ብቻ አይቅር። ለሱቁ ብትሰጡት ይጠቅማቸዋል።»

«ይሄማ ድሮም አላቸው» አለች።

የእናቷን ስም ከስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል አጠፋችው፤ ባዶው ሣጥን ውስጥ ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። መሪያችን «ቆይ እንጂ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። አልቆየችም። የክፍሉ የብረት በር በሙቀት ስለሚያብጥ በአንድ ጊዜ አይገጥምም። ከውጭ ሁለቴ ሳበችው፤ በሁለተኛው ተዘጋ።