ጥፊ የለመደ መሣሪያ

በየጠዋቱ ባሕረኛዋ በፈረንሳይ ሎሪያን ወደብ የቆመች ባለ ሸራ ጀልባዋ ላይ እንደወጣች፣ እሷ ስትተኛ መሪውን የሚይዝላትን መሣሪያ በጥፊ ትመታዋለች። የጃኬቷ ክርን በአሮጌ ሸራ ተጥፏል፤ ጨው ያቆሰላቸውን እጆቿን ኪሷ ውስጥ ትደብቃለች። ጀልባ ለብቻ የሚነዳበት ውድድር ውስጥ ለመግባት ብቻዋን የጀመረችውን የማጣሪያ ጉዞ አቋርጣ የተመለሰችው መሣሪያው ስለከዳት ነው ትላለች። በቶሎ ካልደገመችው ከውድድሩ ውጪ ናት።

«ሴትዮ፣ ሦስቴ ፈታሁት፤ ምንም የለበትም» አላት የወደቡ ጠጋኝ ጉልቨን ተማርሮ።

«ለአራተኛ ጊዜ ፍታው። ምን ያነዛንዝሃል?»

«አፍ ቢኖረው ይከስሽ ነበር።»



በኋላ፣ ስለ ውድድሩ ለምጽፈው ለእኔ የነገረችኝን የውድድሩ ሐኪም ከሰማ አያሳልፋትም፤ እንዳልጽፈው ለመነችኝ። መሣሪያውን ያጠፋችው ራሷ ናት። እንቅልፍ አጥታ ሰንብታ፣ ባሕር ላይ ብቻዋን መሆኗን ረሳችና «ተራህ ደርሷል፣ ያዝልኝ» ብላ መሪውን ለሌለ ሰው አስረክባ ተኛች።