ኩዊንሲ በግራ በኩል ለምን ይዘገያል

ሆሊስ ባርድዌል ሰው ሲያይ ከእግር ይጀምራል። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰላም የሚሉትን እንኳ ፊታቸውን ከማየቱ በፊት ቁርጭምጭሚታቸውን ያያል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በዚህ ጠባዩ ስትሳቀቅ ኖራለች። “ሰዎቹ እኮ ጫማቸው የተቀደደ እየመሰላቸው ነው” ትለው ነበር። እሱ ምን ያድርግ? እንጀራው ነው። በሚሲሲፒና በአላባማ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እየነዳ ለአንድ ፕሮፌሽናል የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ተጫዋች ይመለምላል። የሚያያቸውም በአብዛኛው የፊት መስመር ተከላካዮችን ነው፤ በር የሚያክሉትን፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሣሩ ላይ ተክለው ሞላላዋ ኳስ እስክትነቃነቅ የሚጠብቁትን።

ለእነዚህ ልጆች ሁሉም ነገር ያለው በመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ ነው። ኳሷ ስትነሳ አብሮ የተነሳ የፊቱን ሰው ገፍቶ ያልፋል። የዓይን ጥቅሻ ታህል የዘገየ ግን ግድግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳን ደግሞ ማንም ዞሮት ይሄዳል።

ኩዊንሲ ፑልየም ይዘገይ ነበር። ቪዲዮውን ያዩ መልማዮች ሁሉ “ጠንካራ፣ ግን ቀርፋፋ” ብለው ትተውታል። ሆሊስም ሊተወው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቁርሱን እየበላ ቪዲዮውን ሲደግም አንድ ነገር ታየው። ልጁ ከኳሷ በስተቀኝ ሲሰለፍ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ነው። የሚዘገየው በግራ ሲሰለፍ ብቻ ነው። ቀርፋፋ ሰው በሁለቱም በኩል ቀርፋፋ አይደል? ነገሩ ጥርስ ውስጥ እንደ ገባ ሥጋ አላስቀምጠው አለ።

ወደ አለቃው ወደ ቪንስ ደወለ።

“የግራ ቁርጭምጭሚቱ ነዋ!” አለ ቪንስ። “ታሞ ደብቆ ነው።”

“ሲሮጥ አያነክስም።”

“እንግዲህ ልጁን ወደኸዋል።”

“አልወደድኩትም። ገርሞኛል።”

“መገረም ጨዋታ አያሸንፍም፣ ሆሊስ። ዓርብ የምንፈልጋቸውን ልጆች ስም ዝርዝር እንዘጋለን። ምክንያቱን አምጣ፤ ካላመጣህ ልጁ ይሰረዛል።”

ኩዊንሲን የጠየቀ ሌላ ክለብ አልነበረም። የሆሊስ ክለብ ከሰረዘው የኳስ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ማክሰኞ ሆሊስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነዳ። እንደ ልማዱ ከአሰልጣኙ በፊት የሄደው ወደ ልብስ አጣቢዋ ወደ ሚስ ኦፓል ነው። ተጫዋች ለአሰልጣኝ የማያሳየውን ጠባይ ለልብስ አጣቢ ያሳያል።

“ደግሞ ወሬ ፍለጋ መጣህ?” አለችው ፎጣ እያጠፈች።

“ሚስ ኦፓል፣ ኩዊንሲ እግሩን ያመዋል እንዴ?”

“ያንን ልጅ? እናቱ በበቆሎ ገንፎና በቅቤ ያሳደገችውን? ምን ያመዋል! እናንተ ሰዎች እግር እግር ስትሉ ታረጃላችሁ። ልጁ ሰላም ሲለኝ ኮፍያውን ያወልቃል። እሱን ጻፍ።”

አሰልጣኙ ስታብስ ደግሞ በኩዊንሲ ተማርሮ ነበር። አንዳንድ አሰልጣኝ ተከላካዩን “መጀመሪያ የፊትህን ሰው አጥናው፣ ከዚያ ተነሳ” ይለዋል፤ ያን የማያውቅ መልማይ ልጁን በከንቱ ቀርፋፋ ይለዋል። ሆሊስም ይህንኑ ጠየቀው።

“የለም፣ የለም” አለ ስታብስ። “ኳሷን አይተህ ሂድ ነው ያልኩት። ጮኼበታለሁ፤ ለቅጣት አስሩጬዋለሁ። ‘እሺ ጌታዬ’ ይላል፣ ተመልሶ ይዘገያል።”

ልምምዱ ሲጀመር የሕዝብ ጩኸት በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ፤ ልጆቹ የጨዋታውን ቀን ግርግር እንዲለምዱ ነው። ጎን ለጎን የቆመ ሰው እንኳ ካልጮኸ አይደማመጥም። ቪዲዮ የሚቀርጹት ከማማው ላይ ሆነው ነው፤ መልማዮችም ወይ እዚያ ይወጣሉ ወይ እጃቸውን አጣምረው ከኋላ ይቆማሉ። ሆሊስ መጀመሪያ እንደ እነሱ ቆመ። ምንም አልታየውም። በግራ መስመሩ በኩል ሄዶ ተንበረከከ። አሁንም አልታየውም። በመጨረሻ በሆዱ ሣሩ ላይ ተዘረጋ።

“ሚስተር ሆሊስ፣ አምቡላንስ እንጥራ?” ብሎ ጮኸ አንዱ ውኃ ሊጠጣ የወጣ ተጫዋች።

“ተወው፣ ጸሎት ላይ ናቸው!” አለ ሌላው።

“ምን ዓይነት ክለብ ነው፣ ወንበር እንኳ አይገዛላቸውም?”

ሆሊስ እያየ ነበር። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት የኩዊንሲ ግራ እጅ ከሣሩ ተነስታ፣ በግራው ጎንበስ ያለውን የጓደኛውን የዌንደልን ባት ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ተመለሰች። መሬት ስትነካ ኳሷ ሄዳለች። ከማማው ለሚያይ ካሜራ የኩዊንሲ ትከሻ ጣራ ነበር። ጣራው ሥር ምን እንደሚደረግ ያየ አልነበረም።

ከልምምድ በኋላ ልጁን ውኃ ሲጠጣ አገኘው።

“በግራ ስትሰለፍ እጅህ የት ነው የሚሄደው?”

“መሬት ላይ ነው፣ ጌታዬ።”

“በሆዴ ተኝቼ ነው ያየሁት፣ ልጄ።”

ኩዊንሲ ኩባያውን አየ። ሰፊ ፊቱ ላይ እንደ ሴት ልጅ የረዘሙ ሽፋሽፍት ነበሩት። “ቀርፋፋ ነው ብለው ይጻፉ፣ ሚስተር ሆሊስ።”

“እንደዚያ ከጻፍኩ ዓርብ ትሰረዛለህ።”

“ገብቶኛል” አለና ሄደ።

ሆሊስ በኖረበት ዘመን ሁሉ ፈጣን ነኝ ብሎ የሚምል እንጂ ቀርፋፋ በሉኝ ብሎ የሚለምን ተጫዋች አጋጥሞት አያውቅም።

ማታ እራት ሰዓት ዌንደል ክራብትሪን ዓሣ መጥበሻ ቤት ብቻውን ሲበላ አገኘው፤ በቀኙ በኩል ባለው ወንበር ተቀመጠ።

“ዓሣው እንዴት ነው?”

ዌንደል ዝም። ሆሊስ ኩራት መሰለው። ደግሞ ጠየቀው፤ አሁንም ዝም። ጠረጴዛውን ሲነቀንቀው ልጁ ደንግጦ ዞረ። “ኧረ ሚስተር ሆሊስ! መቼ መጡ?”

ሆሊስ ተነስቶ በግራው በኩል ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ቀኝ ጆሮህ አይሰማም” አለው።

ዌንደል ዓሣውን አስቀመጠ። በሩን አየ፤ የገባ ሰው አልነበረም። በበጋው ጆሮው አብጦ ፈንድቶ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ በቀኝ በኩል እንደማይሰማ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ቀስ ብሎ ነገረው። “ግማሽ ጆሮ ያለውን ማን ያሰልፋል? በቀኝ ስንሰለፍ ደህናው ጆሮዬ ወደ ጓደኞቼ ነው፤ ትእዛዙን እሰማለሁ። በግራ ስንሆን ኩዊንሲ በእጁ ይነግረኛል። አንድ ጊዜ ከነካኝ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ከሆነ ወደ ውጭ።” ፈገግ አለ። “ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።”

የሰማውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማድረስ የመልማይ ሥራ አይደለም። ሆሊስ ግን “በዚያ ምክንያት እንደሚዘገይ ታውቃለህ?” አለው።

“ማን? ኩዊንሲ?”

እውነትም አያውቅም ነበር። ኳሷ ስትነሳ እሱ የሚያየው የፊቱን ሰው ነው፤ ጎኑን የሚያይበት ዓይን የለውም።

“ቀርፋፋ ነው እየተባለ ነው። ዓርብ ስሙ ሊሰረዝ ነው።”

ዌንደል ሳህኑን ገፋው። “ይሄ ሞኝ! ይሄ ትልቅ ሞኝ! አሰልጣኙ ሲያስሮጠው ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ስስቅበት ነበርኮ!” ወደ ሆሊስ ዞረ። “ምን ሊጽፉ ነው?”

“ስለ አንተ እንድጽፍ አልተላክሁም።”

“እኔን ሳይጽፉ እሱን ማን ያምንልዎታል?”

 ዌንደል እጁን ጠረገና ተነሳ። “ይጻፉ። እኔም ለአሰልጣኙ ልንገረው። ከሰው አፍ ከሚሰማው ይሻላል።”

በማግሥቱ ስታብስ ለዌንደል የሐኪም ቀጠሮ ያዘለት፤ ሐኪሙ እስኪያየው ግን ግጥሚያ እንደማይገባ ነገረው። ዌንደል የመጫወቻ ልብሱን ሳይለብስ ከመስመሩ ውጭ ቆመ፤ በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ገባ። ኩዊንሲ ነገሩን ሲሰማ እየተንደረደረ መጣ።

“ማን ንገር አለህ? ማን ለመነህ?”

“በየትኛው ጆሮዬ ነው የምታወራው? ዙርና ስደበኝ!”

ኩዊንሲ ዞረና ሰደበው። ዌንደል ሁሉንም ሰማለት። ከዚያ አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋ።

በልምምዱ የመጀመሪያ ፍልሚያ ላይ በግራ ሲሰለፉ የኩዊንሲ ግራ እጅ ከልማድ ሄደችና አዲሱን ልጅ ባቱን ነካችው።

“ምን ይነካካኛል ይሄ ሰውዬ!” ብሎ ልጁ ዘለለ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ኩዊንሲ ብቻ አልሳቀም። እጁን ሣሩ ውስጥ ጠልቃ እስክትገባ ተጫናት። ኳሷ ተነሳች። ሆሊስ ዛሬም በሆዱ ተኝቶ ያየው የሚበተን አፈር ብቻ ነው። ቀና ሲል የፊቱ ሰው በጀርባው ተንጋሏል።

ቀጥሎ ደግሞ ዘገየ። ቀጥሎ ፈጠነ። እጁ ልማዷን አንዳንዴ ታስታውሳለች፣ አንዳንዴ ትረሳለች።

ሆሊስ ጉልበቱን እያራገፈ ወደ መኪናው ሄዶ ለቪንስ ደወለ፤ ሁሉንም ነገረው።

“ታዲያ ቀርፋፋ ነው ወይስ አይደለም?”

“ገና ነው። እጁ ሥራ መፍታት አልለመደችም። ስሙ ግን ከዝርዝሩ አይውጣ።”

“በማን ኃላፊነት?”

“በእኔ።”

 ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ።

“የአባቱን ስም ድገምልኝ፣ መልሼ ልጻፈው” አለ ቪንስ። “ሰኞ ነበር የሰረዝኩት፤ አይነበብም።”