ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በስኬቲንግ፦ የመነሳት ነገር

እሁድ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከቤት

ገና አልነጋም። ቤታችን ከአራት ኪሎ ጀርባ ነው፤ በዚህ ሰዓት የሚሰማው የቅዳሴ ድምፅና የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ባሌ ጭቃ፣ ስለ ጂንካ አቧራ ጽፌላችሁ አውቃለሁ። የዛሬው ጉዞ በታክሲ አስር ደቂቃ አይሞላም። እንደዚህ ያስደነገጠኝ መንገድ ግን የለም።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ፒያሳ ውስጥ መነጽር ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል። እንግዲህ እኔ ነኝ ዛሬ በስኬቲንግ ጫማ የምሄደው። ሳቁ፣ ችግር የለም፤ ባለቤቴ ትዕግስትም ከአልጋዋ ሳትነሳ ስቃብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ፌቨን አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ለስኬቲንግ ያላት ፍቅር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ስታጥብ እንኳ እግሯ ዝም አይልም። ከአራት ወር በፊት ፒያሳ ላይ ወደቀችና የቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ሐኪም ቤት ወደ ቦታው መለሱት፤ ስድስት ሳምንት ክንዷ ታስሮ ከረመ። ምሳና እራቷን ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ጫማውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ለመነችኝ፣ አኮረፈችኝ፣ ከእናቷ ጋር ዶለተችብኝ። በመጨረሻ ትዕግስት፣ ሄደህ በዓይንህ አይተህ ፍረድ አለችኝ። ፈረድኩ፦ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስክንደርስ ካልወደቀች ጫማው የእሷ ነው። አንዴ ከወደቀች ግን እሸጠዋለሁ፣ ዳግመኛ በቤቱ ስሙ አይነሳም።

ፌቨን አልተከራከረችም። አንተም ጫማ አድርገህ ከመጣህ እሺ አለች፤ ያችን ብቻ ነው የጨመረችው።

አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ አራት ኪሎ

ነጠላ የለበሱ አስቀዳሾች በአንድ ወገን፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች በሌላ ወገን። ረዳቶቹ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላሉ፤ ጠራጊዎቹ ሴቶች አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ጨርሰው መጥረጊያቸው ላይ ተደግፈዋል። መንገዱ ልሙጥ ሆኖ ተነጥፏል፤ ወጣቱ ሁሉ ጎማ እግሩ ላይ ያሰረበት ምክንያት ገባኝ።

አሰልጣኙ ሳሚ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ ግን ከሁሉም እግር ላይ የማይነቀል። እሁድ እሁድ አስር የሚሆኑ ልጆች ይዞ ፒያሳ ድረስ ይወርዳል። ለእኔ አርባ ሦስት ቁጥር ጫማ በሁለት መቶ ብር አከራየኝ፤ የጉልበትና የክርን መከላከያ አሰረልኝ፤ የራስ ቁሩን ሲያጠብቅልኝ አገጬን ቆነጠጠኝ። ስቆም እግሬ ትናንት እንደተወለደ ጥጃ ግራና ቀኝ ተንሸራተተ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አወዳደቅና አነሳስ ላሳይዎት» አለኝ።

እኔ የመጣሁት ለመሄድ ነው እንጂ ለመውደቅ አይደለም አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም በአነጋገሬ ደስ አለኝ። ሳሚ ሁለተኛ ጠየቀኝ፣ ሁለተኛ እምቢ አልኩት። ሰው ካልወደቀ መነሳት ምን ይሠራለታል? እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ጅል።

አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ ቁልቁለቱ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፣ ከዚያ ሽቅብ ነው። በእግር ስሄድበት ቁልቁለት መሆኑን አስተውዬ አላውቅም። ጎማ ላይ ሲቆሙ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የብረት አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ሸርጣን በጎን በጎን ሄድኩ። ፌቨን ከፊቴ ናት፤ እየተጠማዘዘች፣ ዞር እያለች ታየኛለች። ቀኝ ክንዷን ከጎኗ አስጠግታ ነው የምትሄደው። እያንዳንዱን የጎማ ድምፅ እቆጥራለሁ፤ ጠጠር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል።

አንድ የታክሲ ሹፌር አጠገቤ ዝግ አለና፣ «ፋዘር፣ ፍሬን ተመርምሯል?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። መልስ ልሰጠው አንድ እጄን ከአጥሩ አነሳሁ።

በቃ። እግሬ ቀድሞኝ ሄደ፣ በቂጤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙም አላመመኝም። ያፈርኩት ይበልጣል። ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ግን ሰፈሩ ደረሰልኝ። «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው ሮጠ፣ ከቅዳሴ የሚመለስ ጎልማሳ ነጠላውን አጣፍቶ ሮጠ፣ ዳቦ የያዘች ሴት ዳቦዋን መሬት አስቀምጣ ሮጠች። አገራችን ነው፤ ሰው ወድቆ አይታይም። ሠራተኛው ቀኝ እጄን፣ ጎልማሳው ግራ እጄን ያዙና ብድግ አደረጉኝ።

ሰውነቴ ተነሳ፣ ጎማዎቹ ግን ወደፊት ሸሹ። በአየር ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፤ ክብደቴ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ሆነ፤ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ጮህኩ። ደነገጡና የበለጠ ጎተቱኝ። ከዚያ ሠራተኛው ራሱ ሚዛኑን ሳተና ሦስታችንም ተከምረን ወደቅን። ሴትየዋ ደግሞ ከበላያችን ሆና እጄን ፍለጋ ትጎነበሳለች።

«አትንኩት፤ እባካችሁ ማንም እንዳይነካው» አለ ሳሚ፤ ደርሶ መሐል ገባ። ሰዎቹ ተቀየሙት። ጎልማሳው፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ ሰው ወድቆ እያየን ልናልፍ ነው ወይ አለው። ሳሚ በትሕትና አመሰገናቸውና እኔን በጉልበቴ እንድንበረከክ አዘዘኝ። አንድ እግር ፊት፣ ጎማው እንዳይሸሽ ተረከዙ ጫን። ሁለት እጅ በዚያው ጉልበት ላይ። ቀስ። ተነሳሁ፤ ማንም ሳይነካኝ፣ በራሴ።

አንድ ሰዓት ከአስር፣ ድልድዩ አጠገብ

የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ከታች የወንዙ ሽታ ይመጣል። ትከሻዬን እያሸሁ፣ ያ ሁሉ ደግነት ሊገድለኝ ነበር ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ሳሚ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ መሬት ያወለቀው ትከሻ ብዙም አላየሁም» አለኝ። «ልጆቹ ሲወድቁ ይቀመጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ይነሳሉ። የሚወልቀው የሚወዳቸው ሰው ሮጦ በአንድ እጅ ሲጎትታቸው ነው። ጎማው ይሄዳል፣ እጅ ይቀራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ አነሳስ የማስተምረው።»

የእኔን ልጅ ግን መሬት ነው ያወለቃት አልኩት። ሳሚ ሳያስበው ወደ ፌቨን ተመለከተ፤ ፌቨን ደግሞ የታሰረ የጫማ ማሰሪያዋን ፈትታ እንደገና ማሰር ጀምራለች። አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ክው አልኩ። ያ ቀን ዓይኔ ላይ መጣ። ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ነበር። ፌቨን ወደቀች። ተቀመጠች። እና ሳቀች፤ አዎ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ማኪያቶውን ደፍቼ ሮጥኩ። «እኔን ልጄን» እያልኩ ቀኝ እጇን ያዝኩና በሙሉ ኃይሌ ሳብኳት። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ወር ሙሉ ጩኸቱን አስታውሼ ሳቁን ረስቼው ኖሬአለሁ። ጫማውን ሰድቤአለሁ፣ አስፋልቱን ረግሜአለሁ፤ ለሐኪሙ፣ ለጎረቤቱ፣ ለትዕግስት «ወድቃ ነው» ብያለሁ።

«እኔ ነኝ?» አልኳት።

«አባዬ፣ እንሂድ።»

«ፌቨን። እኔ ነኝ ያወለቅኩሽ?»

ማሰሪያውን ለቀቀችው። «ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆመህ ታለቅስ ነበር» አለች። «አንተን እንደዚያ ስታለቅስ አይቼህ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ባጎረስኳት ቁጥር ይሄንን ይዛ ትውጥ ነበር ማለት ነው። ፍርዴን አንስቻለሁ፣ ጫማው ያንቺ ነው ልላት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጉልበት መከላከያዬን ማጥበቅ ያዝኩ። እሷ ደግሞ ስምምነቱ እንዳለ መስሏት ተነሳችና ወደ ዳገቱ ዞረች፤ አሁን ከቅድሙ ይበልጥ ተጠንቅቃ ነው የምትሄደው። አይ ያንተ ያለህ!

አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ዳገቱ

ሽቅብ በጎማ መሄድ ማለት ሁለት እርምጃ ሄዶ አንድ መንሸራተት ነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ግራና ቀኝ የማውቃቸው አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ የሉም፤ በቦታቸው ሣርና የመብራት ምሰሶ ተተክሏል። የቀሩት ሱቆች መዝጊያቸውን እየገፉ ይከፍታሉ። ከአንዱ ኬክ ቤት የትኩስ ቦምቦሊኖ ሽታ ወጣ፤ ልጆቹ ገብተው ገዙ፣ ለእኔም ማኪያቶ መጣልኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ማኪያቶ ሰማንያ ብር ገባ ወይ ብዬ ከአስተናጋጁ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ቀመስኩና አስቀመጥኩት። እጆቼን አየኋቸው። ስባሪ ሳይቆርጣቸው ሃያ ዓመት የመነጽር መስታወት የያዙ እጆች ናቸው፤ ጥንቃቄ አላቸው እያልኩ የምኮራባቸው።

ሳሚ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሌሎች አባቶችም እንደዚሁ ናቸው አለኝ፤ እናቶችም። ሊያጽናናኝ ነው። አልተጽናናሁም።

ሁለት ሰዓት፣ ፒያሳ

ወርቅ ቤቶቹ ከሩቅ ይታያሉ፤ መቶ እርምጃ ቀርቶናል። አንድ ሱቅ በሩን አጥቦ ውሃውን ወደ እግረኛው መንገድ ለቆታል። አየሁት። ልጮህ አፌን ስከፍት የፌቨን ጎማ ውሃው ላይ ወጣ፣ ተሽከረከረች፣ በግራ ጎኗ ወደቀች።

ከእሷ ጋር አስር እርምጃ ብንራራቅ ነው። እጆቼ ከእኔ ቀድመው ተነሱ፤ እውነቴን ነው፣ እኔ ሳላዛቸው ወደ እሷ ተዘረጉ። በአንድ እጄ ሌላውን ያዝኩት። ከዚያ «እኔን!» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ሊስትሮው ብሩሹን ጣለ፣ ባለሱቁ ወጣ፣ ከጊዮርጊስ የሚመለሱ አንዲት እናት መቋሚያቸውን ይዘው ተጣደፉ። እየተንገዳገድኩ መሐል ገባሁና ክንዴን ዘረጋሁ። ማንም እንዳይነካት፣ እባካችሁ አልኩ።

እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አባቷ ነህ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ልጅህ መሬት ላይ ሆና ቆመህ ታያለህ?»

«ባለፈው አንስቻት ትከሻዋን ያወለቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። ፌቨንም ሰማች። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር፤ እኔ ራሴም ካወቅኩት ገና አንድ ሰዓት አልሞላም።

እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ፌቨን ተገልብጣ በጉልበቷ ተንበረከከች። ግራ እግሯን ወደፊት አወጣች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ተጫነች። ቀኝ ክንዷ ተንቀጠቀጠ። እርጥቡ ላይ ጎማው ከዳትና ተመልሳ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ «ውይ» አለ፤ እኔም አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄድኩና ቆምኩ። ከንፈሬን ስነክስ ደም ቀመስኩ። እሷ ወደ እኔ አላየችም። ከውሃው በቂጧ ፈቀቅ አለች፣ ጎማዋን በሱሪዋ አደረቀች፣ እንደገና ተንበረከከች። ያን ያህል ረጅም ደቂቃ በሕይወቴ ቆሜ አላውቅም። ቀኝ እጇ ጠና። ተነሳች።

ሊስትሮው አጨበጨበ። እናትየው መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው፣ እሰይ የእኔ ልጅ አሏት።

ፌቨን እየተንሸራተተች መጥታ ፊቴ ቆመች። ሱሪዋ ረጥቧል፣ አገጯ ላይ ጭቃ አለ።

«ወደቅኩ እኮ» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ተነስተሻልም፤ ጫማው ያንቺ ነው አልኳት። እንባዬ መጣ፣ እሷም አየችው። ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ያንኑ እጅ። ልይዘው ፈራሁ፤ እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኳቸው። እሷ ራሷ ከኋላዬ ፈልጋ እጄን ያዘችኝ፤ ወርቅ ቤቶቹ ድረስ እየጎተተችኝ ሄድን።