በበረዶ ላይ የወለቀው ካፖርት

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የበዓል ጌጣጌጥ እሸጣለሁ። በገና ሰሞን ኳሱም፣ ኮከቡም፣ የሚበራው ገመድም ይሄዳል፤ ከሁሉም የሚቀድመው ግን ዛፉ ላይ የሚንጠለጠለው ነጭ የበረዶ ቅንጣት ነው። ገዢዎቼ እንዲህ ያለ በረዶ አይተው አያውቁም። እኔም አላየሁም። ከቤታችን ያየው አባቴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለዚያ ማውራት አይወድም።

አባቴ በደርግ ጊዜ ሩስያ ተልኮ ፊዚክስ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። የመመረቂያ ጥናቱ ውሃ እንዴት በረዶ ሆኖ እንደሚረጋ የሚመለከት ነበር። ከተመለሰ በኋላ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጣ አስተማረ። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ዕቃ ስፈታ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና አንዱን ጌጥ አንስቶ ስምንት ጫፍ ያለው በረዶ የለም አለኝ። ደመና ውስጥ ያለው ተን ትንሽ አቧራ ላይ ሲረጋ፣ የውሃው ሞለኪውሎች ስድስት ስድስት እየሆኑ እንደ ቀለበት ይያያዛሉ፤ ስለዚህ የሚያወጣው ክንድ ስድስት ነው። ክንዱ እንደ ላባ ይሁን እንደ ጠፍጣፋ ሳንቲም የሚወስኑት ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ናቸው። ነጭ መስሎ የሚታየንም ነጭ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ ብዙ ሆኖ ሲከመር ግን ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል። ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ወዲያው ግን ጌጡን ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ተነስቶ ወጣ።

ለምን እንደወጣ አውቃለሁ። ሰፈሩም ያውቃል። አንድ ግቢ ውስጥ አብሮት ያደገ ጓደኛው ሩስያም አብሮት ሄዶ እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። አባቴ ሲመለስ የጓደኛውን ሻንጣ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎች መክረው ለእናቲቱ በሕመም ሞተ ተብሎ እንዲነገራቸው አደረጉ። ኋላ ግን ከዚያው የመጣ ሌላ ተማሪ፣ ልጁ በረዶ ላይ ሞቶ እንደተገኘ አወራ። እኛ ከሰማይ ለሚወርደውም ከፍሪጅ ለሚወጣውም ያለን ቃል አንድ ነው፤ በረዶ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ስለነበር፣ ልጁን በረዶ ወግሮ ገደለው ተባለ። ነገሩ ሲጣራ የገደለው ብርድ መሆኑ ታወቀ።

ያን ጊዜ እናቲቱ ሻንጣውን ከፍተው የልጃቸውን ወፍራም ካፖርት አወጡ። አባቴን አስጠርተው፣ ልጄ በብርድ ከሞተ ይህ ካፖርት ምን ሊሠራ እዚህ መጣ ብለው ጠየቁት። አባቴ ማስረዳት ሲጀምር ከቤታቸው አስወጡት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጓደኛውን ገፎት ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ የግቢ በር ስንወጣና ስንገባ ሰላምታ አልነበረንም። እናቲቱ ሲሞቱ አባቴ ለቀብር ሄዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ተመለሰ።

ከዚያ ሰፈራችን የሚፈርስበት ጊዜ መጣ። የሟቹ ቤተሰብ ቤት ያለበት ረድፍ ቀድሞ የሚፈርስ ስለነበር ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። በገና ዋዜማ ጠዋት የሟቹ እህት ሱቄ ገቡ። ወንድማቸው ሲሞት ገና ልጅ ነበሩ፤ አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል። ጌጥ ሊገዙ አልመጡም።

"አባትሽን ጥሪልኝ" አሉኝ። "ሳልጠይቀው ከዚህ ሰፈር አልሄድም።"

ደወልኩለት። አባቴ መጣና ሲያያቸው በሩ ላይ ቆመ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ካፖርቱን ማን አወለቀው?" አሉት።

"ራሱ ነው ያወለቀው።"

ከዚያ ለእኔም ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረን። ጓደኛው ከሌላ ከተማ ሲመለስ አውቶቡስ አምልጦት በእግሩ ጉዞ ጀመረ፤ መንገድ ላይ የበረዶ ውሽንፍር ያዘው። በማግስቱ አባቴን ጠርተው ማንነቱን እንዲለይ አደረጉት። አንድ ዛፍ ሥር ነበር የተገኘው፤ ካፖርቱ አጠገቡ ተጥሏል፣ የሸሚዙ ቁልፎች ተፈተዋል። አባቴ ሌቦች ናቸው ብሎ ጮኸ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነገረው። ሰው ሲበርደው ሰውነቱ ሙቀቱን ለልብ ለማትረፍ የቆዳውን የደም ሥሮች ያጠባል። በመጨረሻ ያ አቅም ሲያልቅ የደም ሥሮቹ ይለቀቃሉ፣ ደሙ ወደ ቆዳው ይፈስሳል፤ ሊሞት የቀረበው ሰውም በእሳት የተያዘ ይመስለዋል። ልብሱን የሚያወልቀው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ደንበኛ ገብቶ ነበር፤ ፊታችንን አይቶ ተመልሶ ወጣ።

"እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች" አሉ እህቲቱ።

"ልነግራቸው ሞክሬ ነበር።"

"አውቃለሁ። በሩ ሥር ቆሜ ነበር። 'ሞቆት ነው ያወለቀው' ስትል ሰማንህ። የቀለድክብን መስሎን ነበር።"

አባቴ አሁን ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን አየ። እህቲቱም ካጠገቡ ቆመው አለቀሱ፤ ከዚያ፣ ይህንኑ ለታላላቅ ወንድሞቻቸው በራሱ አንደበት እንዲነግራቸው ለመኑት። እሺ አለ።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ወደ አዲሱ ቤታቸው ይዤው ሄድኩ። ሁለቱ ወንድሞች ሻይ አስቀርበው እስኪጨርስ ሰሙት። ታላቅየው ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ ፊዚክስ የተማረ ሰው መልስ አያጣም አለ። አባቴ አልተከራከረም። እህቲቱ እስከ ደረጃው ሸኙንና እኔ አምኛለሁ ብለው ጉንጩን ሳሙት።

ታክሲ ውስጥ አባቴን ተቆጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ምን ያስቆጣኛል?" አለኝ። "እኔም ሐኪሙን ለማመን ዓመት ፈጅቶብኛል።"

እህቲቱ በየበዓሉ ይደውሉልናል። ወንድሞቻቸው እስካሁን አልደወሉም።