ሁለቱንም ፋየርዎል ያስጠፋው አለቃዬ

አምቦ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አለቃዬን ያህል የናቅሁት ሰው አልነበረም። ኢንተርኔቱ በሞደም ገብቶ፣ በራውተር አልፎ ነበር ኮምፒውተሮቻችን ዘንድ የሚደርሰው። ሁለቱም ላይ ከውጭ ሰርጎ የሚገባን የሚከለክል ፋየርዎል እንዳለ ሲሰማ፣ «ለአንድ ቤት ሁለት ዘበኛ ምን ያደርጋል? መስመሩን ያዘገዩት እነሱ ናቸው፤ አጥፋቸው» አለኝ።

«የሞደሙን ላጥፋው፤ የራውተሩን ግን ባንነካው ይሻላል» ብለውም አልሰማኝም። ሁለቱንም እስካጠፋ አጠገቤ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የማናውቀው ሰው ከውጭ ገብቶ የራውተሩን የይለፍ ቃል ለወጠብን። አለቃዬ ለሠራተኛው «የመስመር ብልሽት ነው» አለ። እኔ ራውተሩን እንደ አዲስ አስተካክዬ ፋየርዎሉን መለስኩ።

በኋላ እጃጂ ከተማ በተደረገ ስብሰባ አለቃዬ ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ሊያስተምር ተነሣ። «ፋየርዎል እንዳትነኩ» ብሎ ሲመክር ሰዉ አጨበጨበለት። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ።